ሐሊም ኤል ዳብና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጅማሬ

ጥቁር ዓባይ ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ፣ የጎጃምን ምድር ዞሮ፣ ወደ ሱዳን ሜዳ ይወርዳል። ካርቱም ሲደርስ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ በስተምዕራብ በኩል የኦምዱርማን ከተማ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ ወንዙ አንድ ሆኖ በረሃውን እያቋረጠ እስከ ካይሮ፣ ከካይሮም አልፎ እስከ ሜድትራንያን ባሕር ይጓዛል። ይህ ወንዝ ለዘመናት ይዞት የወረደው ውሃና ለም አፈር ብቻ አይደለም። በዳርቻው የሚኖሩ ሕዝቦች ንግዳቸውን፣ እምነታቸውን፣ ዜማቸውንና የከበሮ ምታቸውን ሲለዋወጡ ኖረዋል።

ከእነዚህ ልውውጦች አንዱ የዛር ሥርዓት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ሥርዓት ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን በሱዳንና በግብፅ እንደ ተስፋፋ ያምናሉ። በኦምዱርማን በሚካሄደው የዛር ሥርዓት ከሚጠሩት መናፍስት መካከል ሐበሻ እየተባሉ የሚታወቁ አሉ። ቱምቡራ በሚባለው የሥርዓቱ ዓይነት ደግሞ ከእኛ ክራርና በገና ጋር የሚዛመድ ባለ አውታር መሣሪያ ይመታል። በካይሮም እንዲሁ ሴቶች ተሰብስበው፣ ከበሮ እየመቱና እያዜሙ፣ መንፈስ አደረባት የተባለችውን ሴት ለማዳን ይጥራሉ። በዚያ ዜማና በዚያ ከበሮ ላይ ተመሥርቶ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከዚያ በፊት ያልተሰማ የሙዚቃ ዓይነት ተወለደ። ይህን ሙዚቃ የፈጠሩት ሐሊም ኤል ዳብ የተባሉ ግብፃዊ ናቸው። እኒህ ሰው ቆየት ብለው ወደ አገራችን መጥተው፣ የባህል ሙዚቃችን ታሪክ የሚያስታውሰውን ሥራ ሠርተዋል። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሐሊም ኤል ዳብ መጋቢት 4 ቀን 1921 በካይሮ ከተማ ሳካኪኒ በተባለ ሰፈር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከላይኛው ግብፅ የመጡ የኮፕት ክርስቲያኖች ነበሩ። ሐሊም ከዘጠኝ ልጆች መካከል የመጨረሻው ነበሩ። በቤታቸው ፒያኖ ይጫወቱ ነበር፤ ከዚህም ሌላ ደርቡካ የተባለውን የግብፃውያን ከበሮ ከልጅነታቸው ጀምረው ለመዱ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1932 ታላቁ የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ በካይሮ ተደረገ። በጉባኤው ላይ ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ ድረስ ካሉ አገሮች የመጡ ሙዚቀኞች ተጫወቱ። ከአውሮፓም እንደ ቤላ ባርቶክና ፓውል ሂንደሚት ያሉ ስመ ጥር የሙዚቃ ጠበብት ተገኙ። በጉባኤው የተሰማው ሙዚቃ በሸክላ ላይ ተቀረጸ። ትንሹ ሐሊም ከወንድማቸው ጋር ሄደው ይህን ጉባኤ ለማየት ቻሉ። ያን ጊዜ የሰሙት የልዩ ልዩ ሕዝቦች ዜማ ከአእምሯቸው አልጠፋም።

ይሁን እንጂ ሙዚቃ እንጀራ ይሆነኛል ብለው አላሰቡም። የአገራቸው ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ነበር፤ የግብርና ባለሙያም ይፈለግ ነበር። ስለዚህ በዛሬው የካይሮ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያን ጊዜ ፉአድ ቀዳማዊ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ገብተው የግብርና ምሕንድስና አጠኑ፤ በ1945ም ተመረቁ። ሥራቸው ወደ ገጠር መንደሮች ይወስዳቸው ነበርና፣ ስለ ሰብልና ስለ መሬት ሲመክሩ ውለው፣ ማታ የገበሬዎቹን ዘፈን ያዳምጡ ነበር። ቀን የመሐንዲስ፣ ማታ የሙዚቀኛ ኑሮ ይኖሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ሐሊም ገና ተማሪ ሳሉ ነበር ያ የ1944ቱ ታላቅ ሙከራ የተፈጸመው። በዚያን ዘመን ድምፅ ከሚቀዳባቸው መሣሪያዎች አንዱ የሽቦ መቅጃ ነበር። የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። የሰው ድምፅ በማይክሮፎን በኩል ሲገባ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ይለወጣል። ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ማግኔታዊ ኃይል ይፈጥራል። ድምፁ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር በሽቦው ላይ የሚቀረው የማግኔት ምልክትም ከፍ ዝቅ ይላል። ሽቦው ተመልሶ በዚያው ቦታ ሲያልፍ ምልክቱ እንደገና ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩም በድምፅ ማጉያ በኩል ድምፅ ሆኖ ይሰማል።

ሐሊም ይህን ከባድ መሣሪያ በካይሮ ከሚገኝ የራዲዮ ጣቢያ ተውሰው፣ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር የዛር ሥርዓት ወደሚካሄድበት ቤት ሄዱ። ሥርዓቱ የሴቶች ስለ ነበረ ወንድ አይገባበትም። ሁለቱ ጓደኛሞች ራሳቸውን እንደ ሴቶች ተከናንበው ገቡ፤ ዜማውንና ከበሮውንም በሽቦው ላይ ቀዱ።

እስከዚህ ድረስ የሠሩት ሥራ የማንኛውም የድምፅ ቀጂ ሥራ ነው። አዲሱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር። ሐሊም የቀዱትን ድምፅ ወደ ራዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ወስደው፣ እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ በእጃቸው ያሹት ጀመር። የድምፅን ጠባይ በምሳሌ እንመልከት። ማሲንቆና ዋሽንት አንድ ዓይነት ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ ቢያሰሙ፣ ጆሯችን ይህ ማሲንቆ ነው፣ ያ ዋሽንት ነው ብሎ ይለያቸዋል። ይህም የሚሆነው እያንዳንዱ ድምፅ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆችን አዝሎ ስለሚወጣ ነው። የእነዚህ አዛይ ድምፆች ብዛትና ኃይል ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። ሐሊም በስቱዲዮው መሣሪያዎች እየተጠቀሙ ከሴቶቹ ዜማ ውስጥ መሠረታዊውን ድምፅ አስወገዱ፤ ከላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ አስቀሩ። ከዚያም በስቱዲዮው የገደል ማሚቶ ክፍል ውስጥ ድምፁን እያስተጋቡ መልሰው ቀዱት። የተገኘው ውጤት የሰው ድምፅ ሲሆን የሰው ድምፅ አይመስልም፤ ከሩቅ የሚሰማ የነፋስ ፉጨት ወይም የሚርገበገብ ብረት ይመስላል። ሐሊም በዚህ መንገድ ከዜማው ውስጥ የተሸሸገውን የውስጥ ድምፅ መፈለጋቸው ነበር። ይህ ሥራ በዚያው በ1944 በካይሮ በአንድ የሥዕል አዳራሽ ለሕዝብ ተሰማ።

በፓሪስ የራዲዮ መሐንዲስ የነበሩት ፒየር ሼፈር ከተቀዱ ድምፆች የተሠራ ሙዚቃ ያሰሙት በ1948 ነው። እንግዲህ ሐሊም ኤል ዳብ አራት ዓመት ይቀድሟቸዋል። ሆኖም ግን የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ የዚህን ጥበብ መነሻ ፓሪስ ብቻ አድርገው ሲጽፉ ኖሩ። የፓሪሱ ሥራ በታላቅ የራዲዮ ድርጅት ተደግፎ፣ ተጽፎና ተሰራጭቶ ነበር። የካይሮው ሥራ ግን አንድ ተማሪ በተዋሰው መሣሪያ የሠራው፣ በአንድ አዳራሽ ተሰምቶ የተቀመጠ ነበር። ከእርሱ ሁለት ደቂቃ ያህል የሆነ ክፍል ታትሞ በዓለም ላይ የተሰማው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። አንድ ሥራ መሠራቱ ብቻ አይበቃም፤ ካልተጠበቀና ካልተጻፈ እንዳልተሠራ ሊቆጠር ይችላል።

በ1949 ሐሊም በካይሮ በሚገኝ አንድ ካቴድራል አዳራሽ የራሳቸውን የፒያኖ ድርሰቶች አቀረቡ። ከድርሰቶቹ አንዱ በ1948 በፍልስጥኤም ምድር የተካሄደውን ጦርነት የሚመለከት ነበር። አድማጩ እጅግ ወደደላቸው። ያን ጊዜ ሐሊም ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። በአንድ በኩል የተማሩበትና የታወቀ እንጀራ ያለው የግብርና ሙያ አለ፤ በሌላ በኩል መጨረሻው የማይታወቅ የሙዚቃ ኑሮ አለ። ሁለተኛውን መረጡ። በ1950 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አሜሪካ ሄዱና በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሙዚቃ ድርሰት ተማሩ። በ1958 ታዋቂዋ የዳንስ ባለሙያ ማርታ ግራሃም ክላይተምኔስትራ ለተባለው ታላቅ ትርኢቷ ሙዚቃውን እንዲደርሱላት አደረገች። በዚህ ሥራ ስማቸው በኒው ዮርክ ገነነ። በግብፅም በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ለሚታየው የድምፅና የብርሃን ትርኢት ሙዚቃ ደርሰዋል።

በ1959 ሐሊም በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል መሥራት ጀመሩ። በዚያ ማዕከል ሲንተሳይዘር የሚባል መሣሪያ ነበር። ሲንተሳይዘር ማለት አውታር ሳይመታ፣ ትንፋሽም ሳይነፋ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ድምፅን የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ዛሬ ሲንተሳይዘር በብብት የሚያዝ ዕቃ ነው። የዚያን ጊዜው ግን አንድ ክፍል ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ፣ ከአንድ ሺህ በላይ የኤሌክትሮን ቱቦዎች ያሉት ነበር። የሚጫወቱበት ኪቦርድ እንኳ አልነበረውም፤ ሙዚቀኛው የሚፈልገውን ድምፅ በወረቀት ላይ ቀዳዳ እየበሳ ያዘው ነበር። ሐሊም በዚህ መሣሪያ አጠገብ ቢሠሩም ይበልጥ የሚወዱት የሰውን ድምፅና የባህል መሣሪያን ድምፅ በቴፕ ላይ መለዋወጥ ነበር። የለይላን ጥንታዊ የፍቅር ታሪክ መሠረት በማድረግ ለይላና ባለቅኔው የተባለውን ድርሰት በ1959 ሠሩ። ድርሰቱም በ1964 በሸክላ ታትሞ ወጣ፤ ብዙ ወጣት ሙዚቀኞችም ከእርሱ ተማሩ።

ሐሊም ስማቸው በገነነበት በዚያ ወቅት ከኒው ዮርክ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የሙዚቃ መምህር ሆነው ሠሩ። በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር እየተዘዋወሩም የሕዝቡን ሙዚቃ አጠኑ። በዘመኑ በከተማ ዘመናዊ የሚባለው ሙዚቃ ጥሩንባና ሳክስፎን የያዙ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የሚጫወቱት ነበር። የባህል ተጫዋች ግን አዝማሪ እየተባለ ይናቅ ነበር። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የታወቀ ሊቅ መጣ ሲባል፣ ያልታየ የውጭ መሣሪያ ያስተምራል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሐሊም ግን ያደረጉት ሌላ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ ተጫዋቾችን ከተለያየ ክፍለ ሀገር ሰብስበው በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ።

ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም። ክራር የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮና በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ዋሽንት ደግሞ ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይለወጥም። አንድ እምቢልታ ብቻውን ሙሉ ዜማ አይጫወትም፤ ሌሎች እምቢልታዎች እየተቀባበሉት ነው ዜማው የሚሞላ። ከዚህም በላይ መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታና ጊዜ ነበራቸው፤ የአንዱ አገር ተጫዋች የሌላውን አገር ዜማ አያውቅም ነበር። እነዚህን ሁሉ በአንድ መድረክ ላይ አስማምቶ ማሰማት ትዕግሥትንና መደማመጥን የሚጠይቅ ነበር። ኦርኬስትራው ግን ተቋቋመ፤ ሐሊም ከሄዱ በኋላም አልፈረሰም። እንደ ተስፋዬ ለማ ያሉ ኢትዮጵያውያን መሪነቱን ይዘው፣ እንደ ጌታመሳይ አበበና ዮሐንስ አፈወርቅ ያሉ ተጫዋቾች ሲያገለግሉበት፣ ቡድኑ በ1969 አሜሪካ ድረስ ሄዶ የአገራችንን ሙዚቃ አሰማ። እስከ 1975 ድረስም ቆየ። ከእርሱ በኋላ ለተነሡ የባህል ሙዚቃ ቡድኖችም ምሳሌ ሆነ።

ሐሊም ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1969 ጀምሮም በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በዚያ ሳሉ፣ ግንቦት 4 ቀን 1970፣ በቬትናም ጦርነት ላይ ተቃውሞ ይደረግ በነበረበት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው አራት ተማሪዎችን ገደሉ። መምህሩ ሐዘናቸውን በሚያውቁት ቋንቋ ገለጹ፤ በ1971 ያን ዕለት የሚያስታውስ ኦፔራ ደረሱ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የአፍሪካን ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው፣ መስከረም 2 ቀን 2017 በ96 ዓመታቸው በኬንት ከተማ ዐረፉ።

ሐሊም በካይሮ ስቱዲዮ በብዙ ድካም የሠሩትን ሥራ ዛሬ አንድ ወጣት በጠረጴዛ ላይ ሊሠራው ይችላል። በ1964 ሮበርት ሙግ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኪቦርድ የሚታዘዝ ሲንተሳይዘር ሠሩ። በ1983 ደግሞ ሚዲ የተባለ መግባቢያ ወጣና የአንዱ ፋብሪካ ኪቦርድ ከሌላው ፋብሪካ ሲንተሳይዘርና ከኮምፒዩተር ጋር ለመነጋገር ቻለ። ከኮምፒዩተር ጋር የሚያያዘው መቆጣጠሪያ ኪቦርድ በራሱ ድምፅ የለውም። ጣት ሲጫነው የትኛው ቁልፍ እንደ ተነካና በምን ያህል ኃይል እንደ ተነካ ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ብቻ ይናገራል። ቁጥሩን ተቀብሎ ድምፅ የሚያደርገው ሲንተሳይዘሩ ወይም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የሙዚቃ ፕሮግራም ነው። መሠረታዊውን ድምፅ ማስወገድ፣ ገደል ማሚቶ መጨመር፣ መቁረጥና መቀጠል፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ በፕሮግራሙ ውስጥ በየስማቸው ተዘጋጅተው ይገኛሉ። ነገር ግን ኪቦርዱ የሚሰፈርበት እኩል አሥራ ሁለት ደረጃ የክራር ተጫዋች ጆሮ ከሚፈልገው ቅኝት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የትኛው ድምፅ እንደሚፈለግ የሚወስነው ሰው ነው፤ መሣሪያው አይደለም። ለዚህ ነው ሐሊም ከሲንተሳይዘሩ አዳራሽ ወጥተው ወደ ማሲንቆና ወደ እምቢልታ ተጫዋቾች የመጡት።

የመጀመሪያውን ሐሳባችንን እናስታውስ። የኦምዱርማን ራዲዮ ከ1940 ጀምሮ በየዘመኑ የተነሡ የሱዳን ዘፋኞችን ድምፅ ሲያሰማና ሲያስቀምጥ ኖሯል። ባለ አምስት ድምፁ የሱዳን ዜማ ከእኛ ዜማ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ዘፈኖቹን በአገራችን የሚወዳቸው ሰው ብዙ ነው። ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በኦምዱርማን የሚገኘው የብሔራዊ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ በተዋጊዎች እጅ ወደቀ፤ የመንግሥቱ ጦርም መልሶ የያዘው መጋቢት 2024 ነው። በእነዚያ ወራት ብዙ ሱዳናውያን ለሕይወታቸው ሲሰጉ፣ የብዙ ዘመን ድምፅ ስለ ተከማቸበት ስለዚያ ቤትም ይሰጉ ነበር። የሐሊም ኤል ዳብ ሕይወት ይህን ሥጋት በሚገባ ያስረዳናል። በዚያች የካይሮ ቤት ያዜሙት ሴቶች ስማቸው አልተጻፈም፤ ድምፃቸው ግን አንድ ተማሪ በቀጭን ሽቦ ላይ ስለ ቀዳው እስከ ዛሬ ይሰማል። በየመንደራችን ያሉት አረጋውያን የሚያውቁት ዜማ ሁሉ እንዲህ ያለ ቀጂ ይፈልጋል።

ጥያቄዎች

ሀ. የዓባይ ወንዝ ታሪክ በምንባቡ መግቢያ ላይ የተነገረው ለምንድን ነው?
ለ. የሽቦ ድምፅ መቅጃ እንዴት እንደሚሠራ በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
ሐ. በ1944 በካይሮ የተሠራው ሥራ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቀረበትን ምክንያት ግለጹ።
መ. ሐሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ የባህል መሣሪያዎችን ለማስተባበር የመረጡ ለምን ይመስላችኋል?
ሠ. በአካባቢያችሁ ከሚገኙ አረጋውያን አንድ ጥንታዊ ዜማ ጠይቃችሁ፣ መቼና ለምን እንደሚዜም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አቅርቡ።